የጓሮ በረዶና የኤርፖርት በረዶ፦ በዋሽንግተን ዳርቻዎች የ250 ዓመት ልኬት

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ አካባቢ የምትኖሩ ከሆነ ይህ ነገር ሳያጋጥማችሁ አይቀርም። በረዶው ሌሊቱን ሙሉ ሲጥል ያድራል። ጠዋት በር ስትከፍቱ ደረጃው ጠፍቷል፣ መኪናው ጉብታ ሆኗል። አካፋ ይዛችሁ ሁለት ሰዓት ስትዝቁ ትቆዩና ወደ ቤት ስትገቡ ቴሌቪዥኑ «ዋሽንግተን ላይ የጣለው በረዶ ይህን ያህል ኢንች ነው» ይላል። ቁጥሩ እናንተ ከዛቃችሁት በጣም ያንሳል። «የቱን በረዶ ነው የለኩት?» ትላላችሁ።

ጥያቄው የዋዛ አይደለም። የአንድ ከተማ በረዶ የሚለካው የት ነው? ማን ይለካዋል? በምን? መልሱ የሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት ታሪክ አለው፤ በታሪኩ ውስጥ ደግሞ ከባለሙያው ይልቅ ጎልቶ የሚታየው በገዛ ጓሮው ማስመሪያ ይዞ የቆመ ተራ ሰው ነው። እስቲ ከመጀመሪያው እንነሳ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ ነገር ግን አስቀድመን እናጥራ። አማርኛ ከሰማይ ለሚወርደው ጠጠርም፣ ፍሪጅ ውስጥ ለሚረጋውም፣ እንደ ጥጥ እየተንሳፈፈ ለሚወርደውም ያለው ቃል አንድ ነው፤ በረዶ። አሜሪካ ያለ አበሻ ቶሎ ብሎ «ስኖው» የሚለው ወዶ አይደለም። እዚህ ግን «በረዶ» ስንል ጥጥ የሚመስለውን ማለታችን ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ቆርቆሮ የሚደበድበውን ስንፈልግ «የጠጠር በረዶ» እንለዋለን።

ከሰው ጉልበት እስከ ፈረስ ደረት

ሰው በረዶን መጀመሪያ የለካው በአካሉ ነው። ምሳሌውን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኮስማስ የተባለ ነጋዴ አዱሊስ ወደብ ላይ የነበረ አንድ የግሪክኛ የድንጋይ ጽሑፍ ገልብጦ አቆይቶልናል። ጽሑፉ የአንድ የአክሱም ንጉሥን ዘመቻዎች ይዘረዝራል። የሰሜን ተራሮች ላይ ሲደርስ አገሩ ብርድና በረዶ የማይለየው እንደሆነ፣ በረዶውም ሰውን እስከ ጉልበቱ እንደሚያሰምጥ ይናገራል። ልብ በሉ፣ ይህ ልኬት ነው። «ብዙ በረዶ ነበር» ብሎ አላለፈውም፤ እስከ የት እንደሚደርስ ነገረን።

አሁን ወደ ሌላ አገርና ወደ ሌላ ዘመን እንሻገር። በጃንዋሪ 1772 መጨረሻ ላይ ቨርጂኒያን ከባድ በረዶ መታት። ያን ጊዜ አሜሪካ የምትባል አገር ገና አልተመሠረተችም። ጆርጅ ዋሽንግተን በማውንት ቨርነን እርሻው ቤት ተቀምጦ በማስታወሻ ደብተሩ ላይ በረዶው የረጅም ፈረስ ደረት እንደሚደርስ ጻፈ። በዚያው በረዶ ቶማስ ጀፈርሰን ከአዲስ ሙሽራው ጋር ወደ ሞንቲቼሎ እየገባ ነበር፤ እሱ ደግሞ ጥልቀቱን በጫማ መዘገበው፣ ሦስት ጫማ ገደማ፤ 90 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ማለት ነው። ሁለቱ ሰዎች በኋላ ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ በረዶውም እስከ ዛሬ «የዋሽንግተንና የጀፈርሰን በረዶ» ይባላል። ማውንት ቨርነን ዛሬ ከአሌክሳንድሪያ ዝቅ ብሎ ያለ፣ በመኖሪያ ሰፈሮች የተከበበ ቦታ ነው። ያኔ ግን በባርነት የተያዙ ሰዎች የሚያርሱት ሰፊ እርሻ ነበር፤ መንገዱን ከበረዶ የሚጠርገው ማን እንደነበር መገመት አያዳግትም።

ሁለቱም የአየር ጠባይ ነገር የማይለቃቸው ሰዎች ነበሩ። ጀፈርሰን ጁላይ 4 ቀን 1776፣ የነፃነት አዋጁ በጸደቀበት ቀን እንኳ ፊላደልፊያ ላይ የቴርሞሜትሩን ንባብ መጻፍ አልረሳም፤ ከቀትር በኋላ 76 ዲግሪ ፋራናይት (24 ሴልሺየስ ገደማ) ነበር። ዋሽንግተን ደግሞ ዲሴምበር 12 ቀን 1799 በበረዶና በዝናብ እርሻውን በፈረስ ሲዞር ዋለ። በማግስቱ ጠዋት በረዶ እየጣለ እንደሆነና ጥልቀቱ ሦስት ኢንች ያህል እንደሆነ መዘገበ፤ የሌሊቱንም ሙቀት ጻፈ። ዲሴምበር 14 ቀን ሞተ። የአንድ አገር መሥራች በማስታወሻ ደብተሩ ላይ ያሰፈረው የመጨረሻ ነገር የጓሮው በረዶ ልክ ነው።

ከግል ደብተር ወደ መረብ

ደብተር ብቻውን ግን ብዙ አይጠቅምም። የአንድ ሰው ደብተር ስለ አንድ ጓሮ ይናገራል፤ ስለ አየሩ ለመናገር ብዙ ጓሮዎች፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ዘዴ መለካት አለባቸው።

ይህን የተረዳው ጆሴፍ ሄንሪ ነው፤ ዋሽንግተን ውስጥ ያለው የስሚዝሶኒያን ተቋም የመጀመሪያ ኃላፊ። በ1840ዎቹ መጨረሻ ላይ ደብዳቤ እየጻፈ በየክፍለ ሀገሩ በጎ ፈቃደኞች ፈለገ፤ በ1849 መጨረሻ 150 ገደማ ሆነውለት ነበር። ቴሌግራፍ ያኔ አዲስ ነገር ስለነበር የየከተማው ወሬ በዚያው ቀን ስሚዝሶኒያን ይደርስ ጀመር። ሄንሪ ያንን በትልቅ ካርታ ላይ አስቀምጦ ለጎብኚ ያሳይ ነበር። ዛሬ በስልካችሁ የምታዩት የአየር ጠባይ ካርታ አያት ይሄ ነው።

መንግሥት በ1870 ሥራውን ለጦር ሠራዊቱ የምልክት ክፍል ሰጠ። በ1890 የወጣ ሕግ ደግሞ ወደ ግብርና ሚኒስቴር አዛውሮ ሲቪል መሥሪያ ቤት አደረገው፤ ለበጎ ፈቃደኛ ታዛቢዎች መረብም መሠረቱን ጣለ። ይህ መረብ እስካሁን አለ። ከ8 ሺህ በላይ ሰዎች በየቀኑ የዝናብ፣ የሙቀትና የበረዶ ልኬት ይልካሉ። ሎንግ አይላንድ ላይ ገበሬ የነበረው ሪቻርድ ሄንድሪክሰን በ1930 በወጣትነቱ ጀምሮ ከ80 ዓመት በላይ ሳያቋርጥ ለካ። ለእነዚህ ሰዎች ከሚሰጡት ሽልማቶች ትልቁ በጀፈርሰን ስም የተሰየመው ነው፤ ያው የደብተሩ ሰውዬ።

ኒከርቦከር፦ ኢንቹ ኪሎ ሲሆን

«ለመሆኑ ሁለት ኢንች ቢበልጥ ቢያንስ ምን ለውጥ አለው?» የሚል አንባቢ ካለ ወደ 1922 እንውሰደው።

ጃንዋሪ 27 ቀን ማታ በረዶ መጣል ጀመረ፤ በማግስቱም ቀኑን ሙሉ አላባራም። በዋሽንግተን የተመዘገበው 28 ኢንች፣ ማለትም 71 ሴንቲ ሜትር ነው፤ እስከ ዛሬ ያልተሰበረ የከተማዋ ሪከርድ። በጃንዋሪ 28 ማታ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ 18ኛው ጎዳናና ኮሎምቢያ ሮድ በሚገናኙበት ጥግ ላይ ያለው የኒከርቦከር ሲኒማ ቤት ተመልካች እንደያዘ ጣሪያው ወረደ። 98 ሰዎች ሞቱ፣ ከመቶ በላይ ቆሰሉ። ቦታውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ አዳምስ ሞርጋን ነው። ከስድሳ ዓመት ያህል በኋላ በዚያው በ18ኛው ጎዳና ላይ ቀደምት ከሚባሉት የአሜሪካ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች አንዳንዶቹ የተከፈቱበት ሰፈር። እዚያ እንጀራ ስንበላ ጥጉ ላይ ምን እንደደረሰ የሚያስታውስ ብዙ የለም።

ሕንፃው ያረጀ አልነበረም፤ የተከፈተው በ1917 ነው። ጣሪያው ጠፍጣፋ ነበር፤ የሚሸከሙት የብረት አግዳሚዎችም ግድግዳው ላይ የተደገፉበት መንገድ ደካማ ነበር። በረዶው በላዩ ተከማቸበት። እዚህ ላይ ቀላል ሂሳብ እንሥራ። በአማካይ አሥር ኢንች በረዶ ሲቀልጥ አንድ ኢንች ውሃ ይወጣዋል ብለን እንነሳ። 71 ሴንቲ ሜትር በረዶ ሰባት ሴንቲ ሜትር ያህል ውሃ ይሆናል። አንድ ሚሊ ሜትር ውሃ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ኪሎ ስለሚመዝን፣ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 71 ኪሎ ተጭኗል ማለት ነው። በየካሬ ሜትሩ አንድ ጎልማሳ ሰው ቆሟል ብላችሁ አስቡት።

ደግሞም «አሥር ለአንድ» የሚባለው የእጅ ሂሳብ ነው። በጣም ሲበርድ የሚወርደው ዱቄት የመሰለ በረዶ ሃያ ለአንድም ሊሆን ይችላል። ዜሮ ዲግሪ አካባቢ የሚወርደው፣ እጅ ላይ ቶሎ ድቡልቡል የሚሆነው እርጥብ በረዶ ደግሞ አምስት ለአንድ ሊደርስ ይችላል። ቁመቱ እኩል የሆነ በረዶ ክብደቱ አራት እጥፍ ሊለያይ ይችላል ማለት ነው። ጎረቤታችሁ ሽማግሌ አካፋ ሲያነሱ ወገባቸውን የሚይዙት ለዚህ ነው። ስለዚህ ጥሩ ታዛቢ ሁለት ነገር ይለካል፤ ቁመቱን፣ ከዚያም ቀልጦ የሚወጣውን ውሃ።

ሰሌዳው የተቀበረበት ቀን

ቁመቱን መለካት ቀላል ይመስላል። ማስመሪያ መትከል ነው አይደል? አይደለም። በረዶ መሬት እንደነካ መለወጥ ይጀምራል። በራሱ ክብደት እየተጫነ ይጠቀጠቃል፣ ከሥሩ ይቀልጣል፣ ነፋስ ከአንዱ ቦታ ጠርጎ ሌላው ላይ ይቆልለዋል። ስለዚህ «ስንት ጣለ?» እና «አሁን ስንት አለ?» ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው።

ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው መሣሪያ አስቂኝ እስኪሆን ድረስ ቀላል ነው፤ ነጭ ቀለም የተቀባ ጠፍጣፋ ጣውላ። ታዛቢው ጣውላው ላይ ያረፈውን ይለካል፣ ይጠርጋል፣ መልሶ በበረዶው አናት ላይ ያስቀምጠዋል። ደንቡ በቀን ቢያንስ አንድ ጊዜ፣ ቢበዛ በየስድስት ሰዓቱ ለካ ይላል። ከዚያ በላይ ማብዛት ለምን ተከለከለ? በየሰዓቱ የሚጠርግ ሰው በረዶው ሳይጠቀጠቅ ስለሚለካው ድምሩ ይበዛል። ያው በረዶ፣ ያው ጓሮ፣ ቁጥሩ ግን ሌላ።

ይህ ደንብ ሪከርድ ሽሯል። በጃንዋሪ 1997 በኒውዮርክ ክፍለ ሀገር ሞንታግ በተባለ ቦታ አንድ በጎ ፈቃደኛ በ24 ሰዓት 77 ኢንች (196 ሴንቲ ሜትር ገደማ) መዘገበ። ቁጥሩ ቢጸድቅ በ1921 ኮሎራዶ ሲልቨር ሌክ ላይ የተመዘገበውን 75.8 ኢንች ይሰብር ነበር። ጉዳዩን ያየው ኮሚቴ ግን ልኬቱ በቀኑ ውስጥ ስድስት ጊዜ መደረጉን አይቶ አልቀበልም አለ። ሰውየው አልዋሸም፤ በረዶውም ወርዷል። ነገር ግን በሁለት ዘዴ የተለኩ ሁለት በረዶዎች ሊወዳደሩ አይችሉም።

አሁን ወደ ዋሽንግተን እንመለስ። በጃንዋሪ 22–24 ቀን 2016 ከባድ የበረዶ ማዕበል ወረደ። ዳለስ ኤርፖርት 29.3 ኢንች፣ የባልቲሞር ኤርፖርት 29.2 ኢንች አሉ። የዋሽንግተን ኦፊሴላዊ ቁጥር የሚወጣበት ናሽናል ኤርፖርት 17.8 አለ። ከተማው ጉድ አለ። ሲጣራ የመለኪያው ጣውላ በረዶው ውስጥ ተቀብሮ ታዛቢዎቹ ሊያገኙት አልቻሉም ነበር፤ ስለዚህ በተለያዩ ቦታዎች ጥልቀቱን ለክተው አማካዩን ወሰዱ። ይህ ማለት የተጠቀጠቀውን በረዶ ለኩ። የአየር ጠባይ አገልግሎቱ ስለዚያ ማዕበል ልኬቶች የሚመረምር ቡድን አቋቋመ። የናሽናል ቁጥር ሳይለወጥ መዝገብ ላይ ቀረ። የኒውዮርኩ ሴንትራል ፓርክ ግን ከ26.8 ወደ 27.5 ታረመ፤ በዚህም በ2006 የተመዘገበውን 26.9 አልፎ የከተማው ሪከርድ ሆነ። የአንድ ኢንች አንድ አሥረኛ «ሁለተኛ» እና «አንደኛ» የሚለውን ሊለውጥ ይችላል።

ኤርፖርቱ ለምን ሁልጊዜ ያንሳል?

ጣውላው ባይጠፋስ? ያኔም ናሽናል ከዳርቻዎቹ ያንሳል። ኤርፖርቱ ያለው ፖቶማክ ወንዝ ዳር፣ ከባሕር ጠለል ጥቂት ሜትሮች ብቻ ከፍ ብሎ፣ በአስፋልትና በሕንፃ መሀል ነው። ዳለስ ከ40 ኪሎ ሜትር የማይበልጥ ርቀት ላይ ሆኖ 90 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፣ ከወንዙም ከከተማውም ይርቃል። የዋሽንግተን በረዶ አብዛኛውን ጊዜ የሚወርደው ሙቀቱ ዜሮ ዲግሪ አጠገብ ሲሆን ነው። ስለዚህ አንድና ሁለት ዲግሪ ማለት በዝናብና በበረዶ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ትንበያ የምትከታተሉ ከሆነ «ከኢንተርስቴት 95 ምዕራብ በረዶ፣ ምሥራቅ ዝናብ» ሲባል ሰምታችኋል። መንገዱ ዝናቡን አይከለክልም። መንገዱ የተዘረጋው ደጋማው መሬት ወደ ባሕር ዳር ሜዳ በሚወርድበት መስመር አጠገብ ስለሆነ ነው።

ከተማ ከዳርቻው እንደሚሞቅ የታወቀውም በጓሮ ታዛቢ ነው። ሉክ ሃዋርድ ለንደን ውስጥ የመድኃኒት ቅመማ ነጋዴ ነበር፤ ዛሬ የምንጠቀምባቸውን የደመና ስሞች ያወጣው እሱ ነው። በ1800ዎቹ መጀመሪያ ላይ ከለንደን ዳርቻ ቤቱ የወሰደውን ሙቀት መሀል ከተማ ካለው የሮያል ሶሳይቲ ንባብ ጋር እያነጻጸረ፣ ሌሊት ከተማው በአማካይ 3.7 ዲግሪ ፋራናይት (2 ሴልሺየስ ገደማ) እንደሚበልጥ አገኘ። ጥናቱን ከ1818 ጀምሮ አሳተመው። በዋሽንግተን በረዶ ላይ የሚያጨቃጭቀን ነገር ሥሩ እዚህ ነው።

ቁጥሩን እንይ። ከ1991 እስከ 2020 ባለው አማካይ መሠረት ናሽናል በዓመት 13.7 ኢንች ያገኛል፣ ዳለስ 21። የናሽናል የቀደመው አማካይ፣ ከ1981 እስከ 2010 ያለው፣ 15.4 ነበር። እየቀነሰ ነው። ክረምቱ መሞቁ አንዱ ምክንያት ነው። ግን ከዚያ ወደ ኋላ ሄደን፣ ከ1922 ጋር ላወዳድር ያለ ሰው እንቅፋት ይገጥመዋል። የዚያን ጊዜው 28 ኢንች የተለካው መሀል ከተማ፣ 24ኛው ጎዳናና ኤም ጎዳና ላይ ነው። ናሽናል ኤርፖርት የተከፈተው በ1941 ነው፤ ልኬቱም በዚያው በ1940ዎቹ ወደዚያ ተዛወረ። ስለዚህ «ዋሽንግተን እንደ ድሮው በረዶ አይጥልባትም» ስንል የተለወጠው አየሩ ነው ወይስ የቆምንበት ቦታ? ከአንድ ጣቢያ መዝገብ ብቻ ሁለቱን መለየት አይቻልም።

የሚለየው ምንድን ነው? ቦታውን ያልለቀቀ ጓሮ። በአንድ ቤት፣ በአንድ ዘዴ፣ ሠላሳና አርባ ዓመት የተለካ በረዶ ለተመራማሪ ወርቅ ነው። ምንም ሪከርድ የሌለው፣ በቴሌቪዥን የማይነገር ተራ መዝገብ ቢሆንም።

ዜሮም መረጃ ነው

በጁላይ 28 ቀን 1997 ኮሎራዶ ውስጥ ፎርት ኮሊንስ ከተማ ላይ ከባድ ዝናብ ወረደ። በከተማው አንድ ጫፍ ከ14 ኢንች በላይ ሲመዘገብ በሌላው ጫፍ ሁለት ኢንች አልሞላም። ጎርፉ አምስት ሰው ገደለ። የዝናቡን እውነተኛ መልክ ማወቅ የተቻለው በኋላ፣ ነዋሪዎች በየጓሯቸው የያዙት ሲሰበሰብ ነው። በማግስቱ ዓመት ኖላን ዶስከን የተባለው የአየር ንብረት ባለሙያ «ኮኮራዝ» የሚባለውን የበጎ ፈቃደኞች መረብ ጀመረ። ዛሬ ከአሜሪካ አልፎ ካናዳና ባሃማስ ደርሷል። ዝናብ፣ በረዶና የጠጠር በረዶ ይለካሉ። አዲስ ገቢ ሁሉ መጀመሪያ የሚማረው አንድ ነገር አለ፤ ምንም ባልወረደበት ቀን ዜሮ ብሎ መላክ። ባዶ መስመር «አልለካሁም» ማለት ነው፤ ዜሮ ግን «ለክቼ አልነበረም» ማለት ነው። ድርቅን የሚያሳየው ዜሮው ነው።

እናንተስ?

መጀመር የሚፈልግ ካለ ወጪው ጥቂት ነው። አርባ በአርባ ሴንቲ ሜትር የሆነ ጣውላ ነጭ ቀቡ። ከቤት፣ ከዛፍና ከአጥር ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት። አጠገቡ ረጅም እንጨት ትከሉ፣ እንደ ናሽናሉ ሰሌዳ ተቀብሮ እንዳይጠፋባችሁ። በየቀኑ በአንድ ሰዓት ለኩ፤ በረዶው ሲበረታ ከስድስት ሰዓት ባነሰ ጊዜ አትጥረጉ። ነፋስ ካለ በሦስት በአራት ቦታ ለክታችሁ አማካዩን ውሰዱ። ከዚያ ከጣውላው ላይ በቆርቆሮ ቆርጣችሁ ያወጣችሁትን በረዶ አቅልጣችሁ ውሃውን ለኩ። ጻፉት፤ ቀንና ሰዓት አትርሱ።

አዲስ አበባ ወይም ደብረ ብርሃን ያላችሁም አትቅሩ። ኮኮራዞች ለጠጠር በረዶ የሚጠቀሙት ፎም የተባለውን ነጭ ማሸጊያ በአሉሚኒየም ፎይል ሸፍነው ነው። ደጅ ታስቀምጡታላችሁ፤ ጠጠሩ ሲወርድ ፎይሉን ያሰረጉደዋል፣ ከስርጉዱ መጠኑንና ብዛቱን ታነባላችሁ። ሰሌዳው ላይ ቀኑን ጽፋችሁ አስቀምጡት።

የአዱሊሱ ድንጋይ «እስከ ጉልበት» አለ፤ የማን ጉልበት እንደሆነ አልነገረንም። ዋሽንግተን «የፈረስ ደረት» አለ፤ የፈረሱን ቁመት አልለካልንም። ከእኛ በኋላ የሚመጡት የእኛን ደብተር ሲያነቡ እንዲህ ያለ ጥያቄ እንዳይቀርባቸው፣ የት፣ መቼና በምን እንደለካችሁ አብራችሁ ጻፉ።